ክብ አገዳ ከዳባት እስከ ቧሂት

ተናጋሪዎቹ ሁለት ናቸው። አንደኛው ደባርቅ ላይ ባዮሎጂ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ሁለተኛዋ የስሜን ተራሮች አስጎብኚ ናት፤ ተወልዳ ያደገችው ዳባት ዙሪያ ከገበሬ ቤት ነው። ወሩ ጥቅምት ነው።

አስጎብኚዋ፦ ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነው የመጣሁ። ዳባትን አልፈን ወደዚህ ስንመጣ አንድ እንግዳ መኪና አስቆመና ከመንገድ ዳር ጨፌው ውስጥ ገባ። «ይህ ምንድን ነው?» ሲለኝ «ቄጠማ» አልሁት። አልተዋጠለትም። ፎቶ አንሥቼዋለሁ፤ እስቲ ይዩት።

መምህሩ፦ ግቢ ልጄ፣ ተቀመጪ። ይህ ፎቶ አረንጓዴ ዘንግ ከማሳየት ሌላ የሚነግረኝ ነገር የለም። ተክሉን ራሱን አልያዝሽም?

አስጎብኚዋ፦ ይዣለሁ እንጂ። ጋዜጣ ውስጥ ጠቅልየዋለሁ፤ ከነሥሩ ነው።

መምህሩ፦ ጎሽ! ይኸማ ትልቅ ነገር ነው። በይ እንግዲህ አገዳውን በሁለት ጣቶችሽ መካከል አድርጊና አሽከርክሪው።

አስጎብኚዋ፦ ይዞራል። ምንም የሚይዘው ነገር የለም።

መምህሩ፦ የቅዳም ስዑር ለት ካህናቱ የሚያድሉን፣ ግንባራችን ላይ የምናስረው ቄጠማስ እንዲህ ይዞራል?

አስጎብኚዋ፦ አይዞርም፤ እሱ ጎን አለው። ልጆች ሆነን በጥፍራችን እየሰነጠቅን እንጫወትበት ነበር። ሦስት ጎን ነው።

መምህሩ፦ ጣና ላይ ታንኳ የሚታሰርበት ደንገልም ያው ሦስት ጎን ነው። ቁመቱ ከሰው ቢበልጥም የቄጠማ ዘመድ ነው። አግድም ብትቆርጪው ሦስት ማዕዘን ታያለሽ። ቅጠላቸውም ከአገዳው ዙሪያ በሦስት ረድፍ ይወጣል። የሣር ቅጠል ግን በሁለት ረድፍ፣ አንዱ በዚህ አንዱ በዚያ ነው የሚወጣ። በዚያ ላይ ሣር አንጓ አለው፤ ስንዴና ገብስ ስታጭጂ የምታውቂው ነው፤ በአንጓና በአንጓ መካከል ብዙውን ጊዜ ባዶ ነው።

አስጎብኚዋ፦ ይህ አንጓም ጎንም የለው። እንግዲያው ሣርም ቄጠማም አይደለም። ተገላገልን።

መምህሩ፦ አልተገላገልንም። ብዙው ሰው እዚህ ላይ ነው የሚያቆም፤ የሚሳሳተውም እዚሁ ነው። ከቄጠማ ወገን ሆነው አገዳቸው ክብ የሆነ አሉ። ስኮኢኖፕሌክተስ ኮሪምቦሰስ የሚባለው በወንዝ ዳርና በኩሬ ውስጥ እንደ ጦር ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ አገዳው ልሙጥ ክብ ነው። ኤሌዎካሪስ የሚባሉት ደግሞ ቀጫጭኖች ናቸው፤ ቅጠል የላቸውም፣ ጫፋቸው ላይ አንዲት ጭንቅላት ብቻ ትታያለች። እነዚህን በጣት ብታሽከረክሪያቸው ሁሉም ይዞራሉ። ጣት ወደ ሰፈሩ ያደርሳል እንጂ ቤቱን አያሳይም።

አስጎብኚዋ፦ ታዲያ ቤቱን ምን ያሳያል?

መምህሩ፦ አበባውና ፍሬው። ማጉያውን ከመደርደሪያው ላይ አምጪልኝ። እዚች ቡናማ ዘለላ ላይ አድርጊና አንዷን ብቻ ነጥለሽ እያት። ስንት ቅርፊት ከብቧታል?

አስጎብኚዋ፦ ቆይ… ሦስት፤ ከውስጥ ደግሞ ሌላ ሦስት። ስድስት ናቸው፤ ሹል ሹል ያሉ።

መምህሩ፦ በቃ፣ አሁን ከቄጠማ ወገን ወጣሽ። የቄጠማ ወገን አበባ እንዲህ አይደለም፤ እያንዳንዱ አበባ ከአንዲት ቅርፊት ጉያ ውስጥ ተሸጉጦ ነው የሚገኝ፤ ፍሬውም ደረቅ ሆኖ አንዲት ዘር ብቻ ይይዛል። ይህ ግን ሦስት በሦስት ሁለት ዙር ሆኖ የተሟላ አበባ ነው። ቀለም ስለሌለው፣ ነፋስም ስለሚያራባው ማንም አበባ ብሎ አይቆጥረውም። አሁን የደረሰ ፍሬ ምረጪና በጥፍርሽ ጨፍልቂው።

አስጎብኚዋ፦ እንዴ! አቧራ ነው የወጣው።

መምህሩ፦ ዘሩ ነው። ፍሬው ሲደርቅ በሦስት ይከፈልና ያን አቧራ ይበትናል። ጁንከስ ነው። የጁንከስ ዘር ሲርስ ይሙለጨለጭና ይጣበቃል፤ በከብት ኮቴ፣ በዳክዬ እግር፣ በእረኛ ጫማ ላይ ተለጥፎ አገር ያቋርጣል። ይህ ያንቺው ዓይነት በአውሮፓም በእስያም በአሜሪካም መገኘቱ አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

አስጎብኚዋ፦ የእኔው ዓይነት የትኛው ነው? ብዙ ናቸው ማለት ነው?

መምህሩ፦ በዓለም ላይ በመቶ የሚቆጠሩ ናቸው፤ በእኛ ደጋ ጥቂት ናቸው። አሁን ወደ ቅጠሉ ነው የምንሄድ። ቅጠሉ የታለ?

አስጎብኚዋ፦ የለውም። እታች ሥሩ ጋ ቡናማ ሰገባ ብቻ አለው። ሌላው ነገር ግራ የሚያጋባው ደግሞ አበባው ከጫፉ አይደለም፤ ከጎኑ ፈንቅሎ ነው የወጣው።

መምህሩ፦ ከጎኑ የወጣ ይመስላል እንጂ አይደለም። አገዳው የሚያበቃው አበባው ላይ ነው። ከዚያ በላይ ያለው አገዳ መስሎ የቀጠለ አንድ ቅጠል ነው፤ መልኩም ውፍረቱም ስለሚመሳሰል ዓይን ያታልላል። ቅጠል የለሽ ሰገባ፣ ከጎን የወጣ የሚመስል ዘለላ፣ ልሙጥ አገዳ… እስቲ በምላጭ በቁመቱ ሰንጥቂው።

አስጎብኚዋ፦ ነጭ ነው፤ እንደ ስፖንጅ ይለሰልሳል። ከላይ እስከ ታች አልተቋረጠም።

መምህሩ፦ ጁንከስ ኤፉሰስ ነው። ያ ነጭ ልብ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ኮከብ ኮከብ የሚመስሉ ሕዋሳት የተቀጣጠሉበት ነው፤ በመካከላቸው ያለው ሁሉ አየር ነው። ጭቃ ውስጥ አየር የለም፤ ሥሩ እንዳይታፈን ተክሉ አየሩን ከላይ ያወርድለታል። የአውሮፓ ድኻ ሻማ መግዛት ሲያቅተው የዚህን ቅርፊት ይልጥና ልቡን ሞራ ውስጥ ነክሮ ያበራው ነበር። ጃፓኖች የዚሁኑ የቅርብ ዘመድ አገዳ አድርቀው ታታሚ የሚሉትን የቤት ወለል ምንጣፍ ይሠሩበታል።

አስጎብኚዋ፦ ይኸንን ለእንግዳ ብነግረው ደስ ይለዋል። ግን ልጠይቅዎት ጋሼ፣ አባቴ ይህን ተክል «ከብት የማይነካው» ነው የሚለው። በላቲን ስሙ ተነገረውም አልተነገረውም ከብቱ አይበላው። ለአባቴ ምን ይጨምርለታል?

መምህሩ፦ አባትሽ ያለው ትክክል ነው። አገዳው ጠንካራ ነው፣ ምግብነቱም ዝቅተኛ ነው፤ ከብት ሌላ ካለው አይነካውም። ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። አንቺ ልጅ ሳለሽና አሁን፣ ጨፌው ውስጥ ይህ ተክል በዝቷል ወይስ አንሷል?

አስጎብኚዋ፦ በዝቷል። ሽማግሌዎች «ውኃው በዝቶ ነው» ይላሉ።

መምህሩ፦ ውኃው ድርሻ አለው። ግን እየውልሽ፦ ከብቱ ለስላሳውን ሣር እየመረጠ ይጨርሳል፣ ይህን ይተወዋል። ኮቴው ደግሞ መሬቱን እየረገጠ ጭቃውን ያራቁተዋል። ያ አቧራ የሚያህል ዘር ለመብቀል የሚሻው ብርሃንና ራቁቱን የሆነ እርጥብ መሬት ነው። ሣር የሸፈነው መሬት ላይ አፈር ውስጥ ለብዙ ዓመት ተኝቶ ይቆያል፤ ሣሩ ሲነሣለት ይነሣል። ስለዚህ ክብ አገዳ ሁሉ «የረግረግ ሣር» ተብሎ አንድ ላይ ከተጠራ ያ ጨፌ የሚናገረው ስለ ውኃ ብቻ ነው። ኤፉሰስ መሆኑን ካወቅሽ ስለ ግጦሽም ይነግርሻል። ኩሬው መሐል ስኮኢኖፕሌክተስ ብታገኚ ደግሞ ሌላ ወሬ ነው፤ እሱ እግሩ ውኃ ውስጥ መቆም የሚወድ ነው።

አስጎብኚዋ፦ እሺ፣ ይኸንን ለአባቴ እነግረዋለሁ። አይቀበለኝም እንጂ። «ከብት ቀንስ ልትይኝ ነው የመጣሽ» ነው የሚለኝ።

መምህሩ፦ እውነቱን ነው፤ ቀላል ነገር አይደለም። ዝም ብለሽ አንዱን ጥግ በእሾህ አጥሮ ለአንድ ክረምት እንዲተወውና እንዲያየው ንገሪው። እሱ ራሱ ይፈርዳል።

አስጎብኚዋ፦ አሁን ሁለተኛውን ላሳይዎት። ይህ ከላይ ነው፣ ከጊች። ከበቅሎ አፍ ነው የነጠቅሁት። ጭነት ይዛ ስትወርድ ከከንፈሯ ተንጠልጥሎ ነበር፤ ከርጥበታማው ሜዳ፣ ጅባራዎቹ ካሉበት ስትግጥ የጎረሰችው ነው።

መምህሩ፦ ለዚህ ነዋ ታቹ የሌለው! በቅሎዋ የሚጠቅመንን በልታዋለች። ቢሆንም አምጪው። ትንሽ ናት፣ ጭንቅላቷ ጠቆር ያለ፣ አበቦቹ ጥቅጥቅ ብለው አንድ ላይ የተሰበሰቡ። ከጁንከስ ከሆነች ትልቅ ታሪክ ያላት ናት። «ባኺት» ሲባል ሰምተሽ ታውቂያለሽ?

አስጎብኚዋ፦ ቧሂት እንጂ ባኺት አላውቅም።

መምህሩ፦ ቧሂት ነው። ጀርመኖች በፊደላቸው ሲጽፉት ባኺት ሆነ። ቪልሄልም ሺምፐር የሚባል ሰው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1804 ተወለደ፣ በ1837 ወደ ኢትዮጵያ መጣ፣ እዚሁ አገባ፣ ወለደ፣ በ1878 ዐድዋ ላይ ሞተ። ስሜንና ትግራይን የሚገዙት ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ስለወደዱት እንትጮን እንዲያስተዳድር ሾመውት ነበር። እንግዲህ ይህ ሰው ስሜንን ወጥቶ ወርዶ ተክል ይሰበስብ ነበር፤ እንጨትቃብ፣ ስልቂ፣ ቧሂት። ቧሂት ራስ ላይ ያለውን ብርድ አንቺ ታውቂዋለሽ።

አስጎብኚዋ፦ 4,430 ሜትር ነው። በኅዳር ሌሊት ውኃ ይረጋል። ለምን ብሎ ነው እዚያ ድረስ የወጣ?

መምህሩ፦ ደሞዙ እሱ ነበር። ኤስሊንገን በምትባል የጀርመን ከተማ ሽቶይደልና ሆኽሽቴተር የሚባሉ ሁለት ሰዎች ማኅበር አቋቁመው ነበር። አባሉ አስቀድሞ ገንዘብ ያዋጣል፣ ተጓዡ በዚያ ይጓዛል፣ የደረቀው ተክል ሲደርስ ለአባላቱ ይከፋፈላል። ስለዚህ ሺምፐር አንድ ተክል ሲያገኝ ብዙ ናሙና ነበር የሚወስድ። ያ ኋላ ጠቀመ፦ እ.ኤ.አ. በ1943 በርሊን ስትደበደብ የዕፅዋት ቤተ መዘክሩ ተቃጠለ፤ የሺምፐር ተክሎች ግን በሌሎች ከተሞች ቅጂ ስለነበራቸው ተረፉ። ከእነዚህ አንዷን ቧሂት ላይ ያገኛትን ሆኽሽቴተር በተራራው ስም ሰየማት፣ ሽቶይደል እ.ኤ.አ. በ1855 በመጽሐፉ አሳተማት፤ ጁንከስ ባኺቲ ብሎ።

አስጎብኚዋ፦ 1855… በእኛ 1847 ነው። ቴዎድሮስ የነገሡበት!

መምህሩ፦ አዎ፤ የካቲት ላይ ነበር። ውቤን ደረስጌ ላይ ድል አድርገው፣ ውቤ ራሳቸው ባሠሯት በደረስጌ ማርያም ዘውድ ደፉ። ያን ዓመት ስሜን ንጉሥ ስታነግሥ የስሜን ተራራ ደግሞ ጀርመን አገር በታተመ መጽሐፍ ውስጥ በአንዲት የረግረግ ተክል ላይ ስሙ ሰፈረ። ሁለቱን የሚያገናኛቸው ነገር የለም፤ እኔ ግን ተማሪዎቼ አንዱን ቀን እንዳይረሱ ሌላውን እነግራቸው ነበር።

አስጎብኚዋ፦ ታዲያ እስካሁን ጁንከስ ባኺቲ ነው የምትባለው?

መምህሩ፦ አይደለም። ኦሎቭ ሄድበርግ የሚባል ስዊድናዊ የምሥራቅ አፍሪካን ከፍተኛ ተራሮች ሁሉ አጥንቶ፣ የእኛዋ ከደቡብ አፍሪካዋ ጁንከስ ድሬጌያነስ ጋር አንድ ዝርያ ናት፣ ልዩነቷ የንዑስ ዝርያ ነው አለ። እንግዲህ ሙሉ ስሟ የድሬጌያነስ ንዑስ ዝርያ ባኺቲ ሆነ።

አስጎብኚዋ፦ የተራራችንን ስም ወደ ኋላ ወሰዱታ! ድሬጌያነስ ማን ነው?

መምህሩ፦ ድሬጌ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ተክል የሚሰበስብ ሰው ነበር። ኩንት የሚባለው የበርሊን ሊቅ ስሙን ለተክሉ ያወጣለት እ.ኤ.አ. በ1841 ነው። ሕጉ እንዲህ ነው፦ ቀድሞ ያገኘ አይደለም፣ ቀድሞ ያሳተመ ነው የሚገዛ። ባኺቲ 14 ዓመት ዘግይታ ታተመች። እኔም ስሰማ ደስ አላለኝም ነበር፤ ነገር ግን ሕጉ ባይኖር እያንዳንዱ አገር ለራሱ እየሰየመ አንዱ የሌላውን አያውቅም ነበር።

አስጎብኚዋ፦ እኔ ግን ለእንግዳ ስናገር ባኺቲን አስቀድማለሁ።

መምህሩ፦ አስቀድሚ፣ ማን ይከለክልሻል። መጀመሪያ ግን እሷ መሆኗን እንወቅ። ሌላ የምትመስላት አለች፤ ሉዙላ አቢሲኒካ። እሷም የጁንከስ ቤተ ሰብ ናት፣ እሷም ትንሽ፣ እሷም ጠቆር ያለች፣ ደጋና ውርጭ ትወዳለች። ልዩነታቸው ሁለት ቦታ ላይ ነው። አንደኛው የቅጠሉ ጠርዝ ነው፤ ሉዙላ ከሰገባው አፍ ጀምሮ ረዣዥም ነጭ ፀጉር አላት፣ ጁንከስ መላጣ ነው።

አስጎብኚዋ፦ ቅጠሉንማ በቅሎዋ በላችው።

መምህሩ፦ ሁለተኛው ዘሩ ነው፤ ይህ ደግሞ ገና አበባ ነው፣ ፍሬ አልያዘም። ደባርቅ ላይ፣ በ2,800 ሜትር፣ ፍሬው ሲበስል ጊች ላይ ገና ያብባል፤ ብርዱ ያዘገየዋል። ስለዚህ ዛሬ ይህች ማን እንደሆነች አልነግርሽም።

አስጎብኚዋ፦ መጽሐፉ ላይ ሥዕሉን አይተን አንለያትም?

መምህሩ፦ መጽሐፉማ አለ። የኢትዮጵያና ኤርትራ ፍሎራ የሚባለው፣ 6ኛው ቅጽ፣ እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመው። ቄጠማውም ጁንከሱም እዚያ ውስጥ ናቸው፤ ሣር ደግሞ 7ኛው ላይ ነው። ሥራው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው፣ ያለቀው በ2009። ከአዘጋጆቹ አንዷ የዚያ የሄድበርግ ባለቤት ኢንጋ ናት፤ ከእኛ ወገን ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው አሉ፣ ኖሮአቸውን እዚህ ያደረጉት ሱ ኤድዋርድስም ነበሩ። ድንቅ ሥራ ነው። ግን በእንግሊዝኛ ነው፣ ዋጋውም ለመምህር ኪስ አይመችም፤ ጥያቄውም የሚጀምረው «ቅጠሉ ጠርዝ ላይ ፀጉር አለው ወይስ የለውም?» ብሎ ነው። ቅጠል የሌለው ሰው መጽሐፉን ቢገልጥም ከበሩ አያልፍም።

አስጎብኚዋ፦ ወደ አዲስ አበባስ ብንልከው?

መምህሩ፦ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው ብሔራዊ ሄርባሪየም የሚቀበለው ሙሉ ናሙና ነው። ያንን ኤፉሰስሽን እንልካለን፤ ሥሩ፣ ሰገባው፣ ፍሬው ሁሉ አለው። ጋዜጣ መካከል አድርገሽ ከባድ ነገር ጫኚበት፣ ጋዜጣውን በየቀኑ ለውጪ፣ ካልሆነ ይሻግታል። ረዥም ስለሆነ አትቁረጪው፤ እጠፊው። የተፈረፈረውን ፍሬ በትንሽ ፖስታ አድርጊ። ቦታውን፣ ከፍታውን፣ ቀኑን፣ መሬቱ ምን ያህል እርጥብ እንደነበር ጻፊ። ቀኑን የዘነጋ ናሙና ግማሹ ጠፍቷል በይው። የጊችዋን ደግሞ በሚቀጥለው ስትወጪ ከነሥሯ ንቀያትና አምጪልኝ።

አስጎብኚዋ፦ ጋሼ! ፓርክ ውስጥ? እኔ ለእንግዳ «አበባ እንዳትቆርጡ» እያልሁ የምጮህ ሰው?

መምህሩ፦ ያለ ፈቃድ አይሆንም፣ ልክ ነሽ። ፈቃድ ያላቸው ተመራማሪዎች ሲመጡ እነሱ ይወስዳሉ። እንግዲያው ያንኑ ስልክሽን እንጠቀምበታለን፤ ግን እንደዚያ አረንጓዴ ዘንግ አድርገሽ ከቁመትሽ ላይ ሆነሽ አታንሺ። ተንበርከኪ። መጀመሪያ ሙሉዋን ከነአካባቢዋ አንሺ። ከዚያ ሰገባውን፣ ቅጠሉ አገዳውን የሚያቅፍበትን ቦታ፣ ጣትሽ ላይ አስደግፈሽ በጣም ቀርበሽ አንሺ፤ ፀጉሩ ካለ እዚያ ነው። ቅጠሉ ክብ ሆኖ በውስጡ መጋረጃ እንዳለው ሁሉ በየቦታው ቋጠሮ ከዳሰስሽ ደግሞ ሌላ ነው፤ ጁንከስ ኦክሲካርፐስ ሊሆን ይችላል። ጠፍጣፋ ሣር መሳይ ከሆነ ወደ ባኺት እየቀረብን ነው። ከጭንቅላቷ ጎን ማስመሪያ አድርጊና አንሺ።

አስጎብኚዋ፦ ፍሬውስ? ዘሩን ለማየት መቅጠፍ የለብኝም?

መምህሩ፦ ኅዳር መጨረሻ ላይ ሂጂ፤ ፍሬው ራሱ በሦስት ተከፍሎ ይቆይሻል። ነጭ ወረቀት ከሥሩ ዘርጊና በጣትሽ አገዳውን ቀስ ብለሽ ምቺው። ወረቀቱ ላይ የወደቀውን ፎቶ አንሺና መልሰሽ እዚያው በትኚው። የሉዙላ አንድ ፍሬ ሦስት ዘር ብቻ ነው የሚይዝ፣ በዓይን ይታያል።

አስጎብኚዋ፦ ሦስት ሦስት እየሆነ ከወደቀ ሉዙላ ናት ማለት ነው።

መምህሩ፦ አዎ። መቁጠር ካቃተሽ ጁንከስ ናት።